የፊት ሞላ የቀየርንባት እሑድ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ የወንድሜን ልጅ መኪና ስጠብቅ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። የሰነበተ ዓሣ የሚመስል፣ ትንሽ የብረት ዝገት የተቀላቀለበት ሽታ። ዞር ብዬ ሳይ አንድ ጎልማሳ መካኒክ የሞተር ብስክሌት የፊት አሞርዛተር ዘቅዝቆ ጥቁር ዘይት ወደ ጣሳ ያንጠባጥባል። ከጎኑ፣ ጋዜጣ ላይ፣ ክንድ የምታህል፣ የተጠማዘዘች ቀጭን የብረት ሞላ ተጋድማለች። በዚህ ዕድሜዬ ልቤ እንዲህ ይዘልላል ብዬ አላስብም ነበር።

“እማማ፣ ወንበር አለ፤ አረፍ ይበሉ” አለኝ። አፍጥጬ መቆሜን የድካም አድርጎት ነው።

“አልደከመኝም። ዘይቱን እስከ የት ነው የምትሞላው?” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። “ልኩን ነዋ፣ እማማ።”

ያቺን ልክ ለማግኘት እኛ አንድ ሙሉ እሑድ፣ አንድ የሻይ በራድ፣ ስድስት እንቁላልና የአንዲት ደግ ሴት ኩራት እንደ ከፈልን ብነግረው ሥራውን ትቶ ያዳምጠኝ ነበር። ግን መኪናው ደረሰና ሳልነግረው ሄድኩ። ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። ዓመቱን በትክክል ንገሪን ካላችሁኝ እሳሳታለሁ፤ ስኳር በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምንገዛበት፣ ቤንዚን በኩፖን የሚቀዳበት፣ ስብሰባ የማይታጣበት ጊዜ ነበር። የሻዩን ዋጋ ከጠየቃችሁኝ ግን አልሳሳትም፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ትኩስ ዳቦ በአሥር ሳንቲም። ከሥላሴ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ የነበረው ሻይ ቤት ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ይለቀው ነበር። ከሰልፍ መዝሙሩና ከዜናው መሀል አንዲት የፍቅር ዘፈን ብቅ ስትል መንገደኛው ሁሉ፣ ቀበሌ ሊቀ መንበሩ ሳይቀር፣ እርምጃውን ይቀንሳል። ወንዶቹ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ለብሰው ጎፈሬያቸውን በሚዶ ያበጥራሉ። ሴቶቹ ከአዲስ አበባ የመጣ ጉርድ ቀሚስ ለብሰው ከላይ ወፍራም ሹራብ፣ ከሹራቡ ላይ ደግሞ ነጠላ ይደርባሉ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ፋሽን የሚወስነው ብርዱ ነው። ዛሬ ያ ጥግ ላይ አምስት ፎቅ ቆሟል፤ ሳልፍበት ግን አሁንም እርምጃዬን እቀንሳለሁ።

እኔ ጉርድ ቀሚስ የምለብሰው ለቤተ ክርስቲያንና ለሠርግ ብቻ ነበር። በሥራ ቀን ካኪ ሱሪ፣ የወንድ ቡት ጫማ፣ ከላይ ደግሞ እስከ ጉልበቴ የሚወርድ የአባቴ ካፖርት። የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ሥራዬ ከብት መከተብ ነው፤ አገሬም ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በአንኮበር በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው ሁሉ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ሁለት ሞተር ብስክሌት ነበረው፤ የአንዷ ቁልፍ በእኔ ኪስ ነበር። ቀይ ናት፤ ቀይነቷ በአቧራ ስር ሆኖ በዓመት አንዴ፣ በክረምት፣ ይታያል። መጀመሪያ ሰሞን ስነዳት ያየ ሁሉ ቆሞ ያማትብ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ባለቤቱን “አየሽ፣ ይቺ ባል ብታገኝ እንዴት ብሎ ይደርስባታል?” ሲላት ሰምቼ እስከ አንኮበር ብቻዬን ስስቅ ሄጃለሁ። ያቺን ሞተር እወዳት ነበር። ሰው ይታዘበኛል ብዬ እንጂ ቀን ቀን አናግራትም ነበር።

የምኖረው ከዚያው ሻይ ቤት አጠገብ፣ እትዬ ደብሪቱ ግቢ ተከራይቼ ነው። እትዬ ደብሪቱ አረቄ አውጥተው የሚሸጡ ባልቴት ናቸው፤ ሰፊ፣ ቁጡ፣ ደግ። እሳቸው ቤት መለኪያ ጎድሎ ቀርቦ አያውቅም። አረቄው ከአፉ በላይ ጉብ ብሎ ካልታየ “ይኼ ለሰው ይሰጣል?” ብለው መልሰው ያነሱታል፤ እንግዳው ጎንበስ ብሎ በከንፈሩ ሳይቀንሰው መለኪያውን ከጠረጴዛ ማንሳት አይችልም። በሠፈሩ ስማቸው የተጠራው በዚሁ ነው። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። በዚያ ዓመት ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ከቆላው ገባ። ስሙን ያወጣለት ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፤ በረት ገብቶ በረቱን ባዶ አድርጎ የሚወጣ በሽታ ነው። ክትባቱ በትንንሽ ብልቃጥ ሆኖ በረዶ በተሞላ ሳጥን ይጓዛል፤ ሳጥኑ የሚታሰረው ከሞተሯ ፊት፣ ከመሪው ቀደም ብሎ ባለው የዕቃ መጫኛ ላይ ነው። ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ፣ በደረጃ ላይ ስልቻ ሙሉ ድንጋይ ልቀቁና ድንጋዩ እናንተ እንደሆናችሁ አስቡ። የሞተሯ የፊት ሞላዎች አርጅተው ስለ ነበር በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ፊቷ ቋ ብሎ ብረት ለብረት ይጋጫል። በመጨረሻው ጉዞዬ ከሃያ አራት ብልቃጥ አሥሩ በሳጥኑ ውስጥ ደቆ ጠበቀኝ። ሰልፉ ሳያልቅ ክትባቱ አለቀ፤ ሌሊት ተነስተው ከብት እየነዱ ለመጡ ሰዎች “የቀራችሁ ተመለሱ” አልኳቸው። አንድም ሰው አልተቆጣኝም፤ ከብቶቻቸውን አዙረው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኃላፊያችን ስብርባሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አየው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ነበር፤ ከእሱ በላይ የሚጠይቁት ነበሩና። “ጓድ አስካለ፣” አለኝ፣ “በሚመጣው ሰኞ እንደገና ትወርጃለሽ። አንዲት ብልቃጥ ብትሰበር ቁልፉን አስረክበሽ መዝገብ ቤት ትገቢያለሽ። ሞተሯም ለሌላ ወረዳ ትሄዳለች።” ሞላ ይቀየርላት ብዬ ለመንግሥት ጋራዥ የጻፍኩት ደብዳቤ መልሱ “ተራ ይጠብቁ” ነበር፤ ተራው ደግሞ ከሰኞ በፊት የሚደርስ ዓይነት አልነበረም። መዝገብ ቤት ማለት ለእኔ በቁም መቀበር ነው። ቀኑን ሙሉ ፋይል እየከፈቱ መዝጋት፣ የሰው ደብዳቤ ላይ ቁጥር መጻፍ። ሞተሯ ከሄደች ደግሞ ክትባቱ በበቅሎ ይወርዳል፤ በረዶው መንገድ ላይ ቀልጦ መድኃኒቱ ውኃ ሆኖ ይደርሳል። ሦስት ቀን እህል አልዋጥልሽ አለኝ።

ያዳኑኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ጋሽ ሰይድ አሊዩ አምባ የእህል ወፍጮ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ያንን የወፍጮ ሞተር ስንቴ ፈትተው እንደ ገጠሙት እሳቸውም አይቆጥሩትም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው ግቢያችን ገቡ። አማቻቸው በደብረ ሲና በኩል የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ እሱ ከመርካቶ ያመጣው ነው። ጋዜጣውን ስፈታው ሁለት አዲስ ሞላ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ገና ቅባቱ ያልለቀቀው። አጠገቡ በጠርሙስ ቀይ ቀጭን ዘይት።

“ጋሽ ሰይድ፣ ይኼን እንዴት አገኙት?” አልኳቸው። ማልቀስ ነበር የቀረኝ።

“ዶክተር፣” አሉኝ፤ ለአሊዩ አምባ ሰው መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው። “ብልቃጡ የመንግሥት ነው፤ ከብቱ ግን የኛ ነው። ነገ እዚሁ እንገጥመዋለን፣ ኢንሻአላህ።”

“ነገ?” አሉ እትዬ ደብሪቱ ከጓዳ ብቅ ብለው። “ነገ ሰንበት ነው። በኔ ግቢ፣ ሥላሴ አፍንጫ ስር፣ ብረት ሊቀጠቀጥ?”

“አንቀጠቅጥም እትዬ። እንፈታለን እንጂ።”

“መፍታትስ ሥራ አይደለም?”

“የታሰረ መፍታት እናንተስ ዘንድ ጽድቅ አይደለም እንዴ?” አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ሳይታይ።

እትዬ ደብሪቱ ነገሩን አሰላሰሉት። እኔን አዩኝ፤ ሦስት ቀን ምግብ የመለሰችባቸውን ተከራያቸውን። “እንግዲያው መዶሻ ድምፅ እስካላሰማ ድረስ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም” ብለው ወደ ጓዳ ተመለሱ። ብዙም አልቆዩም፤ አሮጌ የበግ ጠጉር ባና ቀደው ይዘው መጡና “የመዶሻውን ራስ በዚህ ጠቅልሉት” አሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ለብርዱም ለሰንበቱም ባና ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጀመርን። ፀሐይዋ ውርጩን አቅልጣ ግቢው ይጨስ ነበር። የሞተሯን ሆድ በሁለት የማገዶ ግንድ ላይ አሳርፈን የፊት ጎማዋን ከመሬት አነሳነው። ጋሽ ሰይድ ኮታቸውን አውልቀው በአጥሩ ላይ ሰቀሉ፤ ሽርጣቸውን አጠበቁ፤ የእንግሊዝ ቁልፋቸውን አወጡ። አሞርዛተር ማለት፣ ለማታውቁት፣ ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት ረጃጅም ቧንቧዎች ናቸው፤ በየውስጣቸው ሞላና ዘይት አለ፤ አናታቸው ላይ ክዳን ይጠመዘዛል። ክዳኖቹ ዝገው አልነቃነቅ ሲሉ ጋሽ ሰይድ ባና በለበሰችው መዶሻ ዱብ፣ ዱብ አደረጓቸው፤ ትራስ የሚመታ ያህል ነበር። አንደኛው ተፈታ። ሁለተኛውም ተፈታ። አሮጌዎቹን ሞላዎች በሽቦ ስበን ስናወጣ ነው እንግዲህ ያ የዓሣ ሽታ የወጣው፤ ግቢው ሁሉ ሸተተ። ከታች ያለውን ብሎን ስንፈታ የወረደው ዘይት ደግሞ አንድ ስኒ የማይሞላ ጥቁር አተላ ነው፤ ሌላው ድሮ አፈትልኮ አልቋል። ስለዚህ ስንት ዘይት እንደ ነበረው የምናውቅበት መንገድ አልነበረም።

ጋሽ ሰይድ አሮጌውን ሞላ ከአዲሱ ጎን አቆሙት። በሦስት ጣት አጥሯል።

“እዪ፣” አሉኝ። “አንቺ አይደለሽም የሰበርሽው። ይኼ ነው።”

ጮቤ ረገጥኩ። እውነቴን ነው፤ በካኪ ሱሪ፣ በቡት ጫማ፣ በሰንበት፣ በእትዬ ደብሪቱ ግቢ ዘለልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ እጄን ስረግም ከርሜ ነበር። ከሻይ ቤቱ ሰዎች ብርጭቋቸውን እንደ ያዙ መጥተው አጥሩ ላይ ተደግፈው ያዩናል፤ እነሱም ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ አብረውኝ ሳቁ።

ጋሽ ሰይድ የዙህር ሰላት ደርሶባቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። “ዘይቱን ቅጂበት፤ መጣሁ” አሉኝ። ዘይቱን በአሮጌ የሻይ በራድ ገልብጬ ቀጭኑን የቧንቧ አፍ ስፈልግ እትዬ ደብሪቱ ከኋላዬ መጥተው በራዱን ከእጄ ወሰዱት።

“መቅዳቱን ለኔ ተዪው። አንቺ ታፈሺዋለሽ።”

እጃቸው እንዴት ያምር ነበር። ጠብታ መሬት አልነካም። የግራውን ቧንቧ ሞሉት፤ ጠብቀው አረፋው ሲሰክን ጨመሩበት፤ እንደገና ጠበቁ፤ እንደገና ጨመሩበት፤ ዘይቱ ከአፉ ላይ ጉብ ሲል ብቻ ወደ ቀኙ ዞሩ። እኔም ስንት ዓመት ያንን እጅ ስላየሁ “ይብቃ” ማለት አልታየኝም። እንዲያውም ያቺ የደከመች ሞተር እንዲህ ጠግባ ሳያት ደስ አለኝ። ሞላውን ስንከትበት ዘይቱ እየተገፋ ፈሰሰ፤ “ይፍሰስ፤ ጥጋብ ነው” አሉ እትዬ ደብሪቱ። ጋሽ ሰይድ ከሰላት ሲመለሱ ጎንበስ ብለው አዩና “ማሻአላህ፣ ሞልቷል” አሉ። ወፍጮ አሞርዛተር የለውም፤ እሳቸውስ በምን ያውቁት?

ክዳኑን መግጠም ሌላ ጦርነት ሆነ። አዲሱ ሞላ ረጅምና ብርቱ ስለ ሆነ ክዳኑን ወደ ታች ተጭኖ፣ ሳይለቁ፣ ጥርሱን አስይዞ ማዞር ያስፈልጋል። እኔና ጋሽ ሰይድ ስንጫን አመለጠንና ክዳኑ ተፈትልኮ በአጥሩ ላይ አልፎ የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጓ ብሎ አረፈ። በሰንበት፣ በቀትር፣ መላው ሠፈር የሰማው ድምፅ። ሁላችንም እትዬ ደብሪቱን አየን። እሳቸው ሰማይ ሰማዩን አዩና “ይኼ መዶሻ አይደለም” አሉ። ከሻይ ቤቱ ሰዎች አንዱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ክዳኑን አመጣልን። ሁለተኛው ሙከራ ላይ እትዬ ደብሪቱ ራሳቸው በሁለት እጃቸው፣ በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት፤ ጋሽ ሰይድ አዞሩ፤ ያዘ። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ አብሮ መሥራት አላየሁም፤ ስለ ኅብረት ሥራ በየስብሰባው የሰማሁትን ሁሉ ጨምሬ ማለቴ ነው።

ሞተሯን ከግንዱ አወረድናት። መሪዋን ይዤ ወደ ታች ተጫንኩ። አልነቃነቅ አለች። ጋሽ ሰይድም ተጫኑ፤ አልነቃነቅ አለች። “ጠነከረች” አለ አንዱ ከአጥሩ ማዶ፤ ሌላው “አለት ሆነች” አለ፤ እኛም ኮራን። እንሞክራት ተባለ። ብልቃጥ ስለሌለን እትዬ ደብሪቱ ስድስት እንቁላል አመጡ፤ በገለባ ጠቅልለን በበረዶ ሳጥኑ ከትተን ፊቷ ላይ አሰርን። እስከ ሥላሴ ደርሼ ልመለስ አስነሳኋት። እስከ መጀመሪያው ጉድጓድ ድረስ ንግሥት ነበርኩ። ጉድጓዱ ላይ ግን ጥርሴ ተጋጨ፤ ክርኔን የመታኝ ነገር ናላዬ ድረስ ወጣ። ከድሮው ባሰ እንጂ አልተሻለም። ተመልሼ ግቢ ስገባ ከሳጥኑ ስር ቢጫ ነገር እየተንጠባጠበ ነው። ከስድስቱ አንድም አልተረፈም።

ጋሽ ሰይድ ግንዱ ላይ ቁጭ ብለው ጢማቸውን ያዙ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት አንድ በአንድ ወደ ሻያቸው ተመለሱ። እኔ መዝገብ ቤቱ፣ ያ መስኮት የሌለው ክፍል፣ ከነአቧራው ታየኝ። እትዬ ደብሪቱ በቀስታ “ዘይቱ አንሶት ይሆን?” አሉ።

ሳላስበው እጄ የሥራ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ትልቁን የከብት መርፌ ያዘ። ስጨነቅ የማደርገው ነው፤ መርፌ መፈታታትና መገጣጠም። አጠገቤ የነበረ የውኃ ባልዲ ውስጥ ነክሬ ውኃ ሳብኩበትና፣ መርፌ መስጠት ሲጀምሩ እንደምናደርገው አየሩን ሁሉ አስወጣሁ። አፉን በአውራ ጣቴ ደፈንኩና ገፋሁት። ንቅንቅ የለም። ውኃውን በግማሽ አፈሰስኩና ግማሹን አየር አስገብቼ እንደገና ደፍኜ ገፋሁ። ገባ። ስለቀው ተመለሰ። ገፋሁት፤ ገባ። ለቀቅሁት፤ ተመለሰ።

“ጋሽ ሰይድ፣ ይኼን ይግፉት” አልኳቸው። ገፉት። ከዚያ ሙሉውን ሰጠኋቸው፤ ገፉት፤ አልሄደም። መርፌውን አዩ፣ ሞተሯን አዩ፣ ብድግ አሉ።

“ወላሂ፣ አፍነናታል” አሉ። “መተንፈሻ አልተውንላትም።”

“ምን ማለት ነው?” አሉ እትዬ ደብሪቱ።

“ዘይቱ በዝቷል እትዬ” አልኩ። ከዚያ ቀን ሥራ ሁሉ የከበደኝ ይህቺን ማለት ነበር። “ለአየር ቦታ ያስፈልጋል። ጎደል ማለት አለበት።”

“ጎድሎ ይቀዳ ነው የምትይኝ?”

“ትንሽ ብቻ።”

“አስካልዬ፣ በዚህ እጅ ጎድሎ የተቀዳ ነገር የለም” አሉና በራዱን መሬት ላይ አስቀመጡት። “ከቀነሳችሁ እናንተ ቀንሱ። እኔን አታሳዩኝ።” ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጡን።

ክዳኖቹን ፈታን፤ ሞላዎቹን አወጣን። በመርፌው ጫፍ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሰክቼ ዘይቱን መሳብ ጀመርኩ። መርፌው ቁጥር ስላለው ከግራውም ከቀኙም እኩል ነው የምስበው፤ ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ። ከየቧንቧው ሁለት ሁለት ከሳብን በኋላ ገጥመን ተጫንናት፤ ትንሽ እሺ አለች። ፈታን፤ ሁለት ሁለት ቀነስን፤ ገጠምን። አሁን ግማሽ መንገድ ወረደች። ፈታን። አራተኛው ላይ መሪውን ስጫን ሞተሯ ተቀምጣ እንደምትነሳ ሰው ቀስ ብላ ዝቅ አለች፤ ስለቃት ቀስ ብላ ተነሳች። በእንጨት ስንለካው ዘይቱ ከቧንቧው አፍ ሁለት ጋት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ደግሜ ተጫንኳት። ደግሜ። ጋሽ ሰይድ “ተይ፣ ታደክሚያታለሽ” ብለው ከመሪው ላይ አስለቀቁኝ።

እትዬ ደብሪቱ ጀርባቸውን እንደ ሰጡ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። መዳፋቸው ላይ ሦስት እንቁላል አለ። የቤቱ የመጨረሻ እንቁላል። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጉድጓድ፣ እስከ ሥላሴ ደርሶ መልስ። ስመለስ ሳጥኑን እሳቸው ራሳቸው ከፈቱት። ሦስቱንም አንድ በአንድ ጆሮአቸው አጠገብ ነቀነቋቸው። ከዚያ ዘይቱን፣ ቧንቧውን፣ እኔን አዩና “እንግዲህ ብረት የሰው ወግ አያውቅም” አሉ። ያን ምሽት ሦስቱን እንቁላል በቅቤ ጠብሰው አቀረቡልን፤ እኔ ሁለቱን በላሁ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ጋሽ ሰይድ በጭነት መኪና ቀድመውኝ ወርደዋል። ውርጩ መንገዱ ላይ ጨው የተበተነ መስሏል፤ ትንፋሼ ሻርፔ ላይ ይቀዘቅዛል። እኔ ግን ይሞቀኛል። ሞተሯ ድንጋይ በመጣ ቁጥር ጎንበስ ቀና እያለች፣ ሰላምታ እየሰጠች ትሄዳለች። አንኮበር ስደርስ ደመናው ከእግሬ በታች ነበር፤ ቆላው በደመናው ቀዳዳ ይታያል። ከዚያ ቁልቁለቱ። በያንዳንዱ ጥምዝ ላይ ሳጥኑን አያለሁ፤ ባይም ምንም አላደርግ፤ አያለሁ። ያ አሥሩ ብልቃጥ የደቀቀበት ቦታ፣ መንገዱ እንደ ደረጃ የተቆረጠው፣ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። ፊቷ ወረደ፣ ተነሳ፣ አለፍነው። ቋ አላለም። ያኔ ነው መጮህ የጀመርኩት። ቃልም አልነበረው፤ ከሆዴ የመጣ ጩኸት ነው። አህያ እየነዳ የሚወጣ አንድ ሰው ከመንገድ ወጥቶ አሳለፈኝ። ካፖርቴን አንድ ጥምዝ ላይ አወለቅሁት፤ ሹራቤን ቀጣዩ ላይ። አሊዩ አምባ ስገባ በሸሚዝ ነበርኩ፤ የግራሩ ሽታና ሙቀቱ ፊቴን ሳመኝ።

ጋሽ ሰይድ ሰዉን አሰልፈው ጠበቁኝ። ሳጥኑን በሁሉም ፊት መሬት አስቀምጬ ከፈትኩት። በረዶውን ገለጥ፣ ገለጥ። ሃያ አራት። ደግሜ ቆጠርኩ። ሃያ አራት። “አልሐምዱሊላህ” አሉ ጋሽ ሰይድ፤ ሰልፉ ሁሉ ተቀበላቸው።

ማክሰኞ ቢሮ ገብቼ የሠራሁባቸውንም የተረፉትንም ብልቃጦች ከነቁልፉ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ከዚያ ቁልፉን በጣቱ ወደ እኔ ገፋና “ቤንዚን አለሽ?” አለኝ። ይኸው ነበር ያለው። ያ ቁልፍ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት በኪሴ ኖረ።

እኔ ግን ያንን ሰኞ ሳስታውስ ደጋግሜ የማያት አንዲት ሴት ናት። ሰልፉ ሊያልቅ ሲል ቀና ስል ከግራር ጥላ ስር፣ ከሰዉ ራቅ ብላ፣ አንዲት ላም በገመድ ይዛ ቆማለች። እኩለ ቀን አልፏል። ጠዋት ስገባም እዚያው የነበረች መሰለኝ። እጄን አራግቤ ጠራኋት። አልመጣችም። መርፌዬን እንደ ያዝኩ ወደ እሷ ሄድኩ።

“ለምን አትሰለፊም?” አልኳት።

“ባለፈው ተሰልፌ ነበር” አለች፣ ዓይኗ መሬት ላይ። “እኔ ጋ ስትደርሺ አለቀ፤ ተመለሺ ተባልኩ። ሁለት ነበሩኝ፤ አንደኛዋ ሞተች። ዛሬ ደግሞ ፊት ለፊት ቆሜ ከምመለስ፣ ሲያልቅ ከሩቅ አይቼ ልሂድ ብዬ ነው።”

ስለ ሞላው፣ ስለ ሦስት ጣቱ፣ ስለ እንቁላሉ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ምኗ ነው? ክንዷን ይዤ ወደ ሳጥኑ ወሰድኳት። ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። በረዶው መሀል ሦስት ብልቃጥ አለ፣ ሙሉ። እሷ ብልቃጦቹን፣ ከዚያ እኔን አየች፤ ለማመን የፈራች ትመስል ነበር።

“ተርፏል” አልኳት። “ላሚቱን አምጪያት።”